ቁልፉ በማን እጅ ነው? ኳንተም ቴክኖሎጂና ራስን መቻል

ጥያቄው

ስለ ኳንተም ያስተማረ የፊዚክስ መምህር ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፦ «ኢትዮጵያስ የራሷን ኳንተም ኮምፒውተር መቼ ትሠራለች?» በወሎ ሐይቅም ይጠየቃል፣ ውጫሌም ይጠየቃል። ልጆቹ የሚጠይቁት ከቁጭት ነውና «እሱ የሀብታም አገር ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሆኖም ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ አለ። ሌሎች የሚሠሩት ኳንተም ኮምፒውተር በእኛ ላይ ምን ሊያደርስ ይችላል? ራሳችንን የምንከላከልበትን መሣሪያስ አገላብጦ የሚመረምር የራሳችን ባለሙያ አለን?

በዚህ ጽሑፍ ራስን መቻል የምለው ይህንኑ ነው። ሁሉን ነገር አገር ውስጥ ማምረት ማለቴ አይደለም፤ ያንን የቻለ አገር እስካሁን የለም። የገዛነውንና የተሰጠንን በራሳችን ሰው መርምረን «ይሆነናል» ወይም «አይሆነንም» ማለት መቻላችን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2025ን ዓለም አቀፍ የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ የሰየመው፣ ጋና ባቀረበችው የውሳኔ ሐሳብ ነው። ጉዳዩ የአፍሪካም ነው ብላ የተነሣችው አፍሪካዊት አገር ናት። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከክራር ክር እስከ ኪዩቢት

ውጫሌ ያለችበት አምባሰል የተራራና የወረዳ ስም ብቻ አይደለም፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ኳንተምን ለማስረዳት ክራር ማንሣት እዚህ አገር ይቀናል። የክራር ክር ሁለት ጫፉ ታስሯል። ሲመታ እንደፈለገው አይርገበገብም፤ ወይ ሙሉ ርዝመቱን፣ ወይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ወይ ለሦስት ተከፍሎ ነው። ድግግሞሹም አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያለ ይሄዳል። አንድ ተኩል እጥፍ የሚባል ነገር የለም፤ የታሰሩት ጫፎች አይፈቅዱም።

ኤሌክትሮንም የሞገድ ባሕርይ አለው። በአተም ውስጥ ኒውክሊየሱ ስቦ ስለያዘው፣ ሊኖረው የሚችለው ኢነርጂ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርድ ልዩነቱን በአንዲት የብርሃን እሽግ ይለቃል፤ እሷም ፎቶን ትባላለች። ጨው እሳት ላይ ሲነሰነስ ነበልባሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም አተም በእነዚያ ደረጃዎች መካከል ሲወርድ የሚለቀው ቀለም ቢጫ ስለሆነ።

ክራሩ የሚያስኬደን እስከዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው በዕለት ተዕለት ኑሯችን አቻ የለውም። አንድ ኤሌክትሮን ወይም ፎቶን እስክንለካው ድረስ የሁለት ሁኔታዎች ድምር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ተራ ኮምፒውተር በ0 ወይም በ1 ይሠራል። ኪዩቢት የሚባለው የኳንተም መረጃ መለኪያ ግን የሁለቱን ድምር ይይዛል፤ የ50 ኪዩቢቶችን ሁኔታ በወረቀት ላይ ለመግለጽ 2 በራሱ 50 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ብዙ ቦታ «ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልስ በአንዴ ይሞክራል» ሲባል ይሰማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ስንለካው የምናገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው። ጥበቡ ትክክለኛ ያልሆኑት መልሶች እርስ በርሳቸው እንደ ሞገድ ተጠፋፍተው ትክክለኛው እንዲጎላ አድርጎ ስሌቱን ማቀናጀቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቅንብር የተገኘላቸው ጥያቄዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ከተበላሸ ካልኩሌተር የሚወጣ ትምህርት

ኳንተም ውድ ቤተ ሙከራ ብቻ ይፈልጋል የሚል ሰው ካለ፣ ሁለት ሦስት የማይሠሩ ካልኩሌተሮችን ይፍታ። ከስክሪኑ ላይ ግራጫ የሆነች ስስ ላስቲክ ትላጣለች፤ ፖላራይዘር ትባላለች። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ታሳልፋለች፣ ወደ ጎን የሚርገበገበውን ታስቀራለች።

አንዷን ወደ መስኮት አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ ትንሽ ከመደብዘዙ በቀር ውጭው ይታያል። ሁለተኛዋን ደርቡና ቀስ እያላችሁ አሽከርክሯት። እየጨለመ ይሄድና ሁለቱ መስቀልኛ ሲሆኑ ምንም አይታይም። አሁን ሦስተኛዋን በሁለቱ መካከል በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ አስገቡ። የጨለመው ይበራል። ብርሃን የምትቀንስ ላስቲክ ተጨምራ ብርሃን ጨመረ! ከመጀመሪያዋ ላስቲክ ካለፈው ብርሃን አንድ አራተኛው ያህል በሦስቱም ያልፋል፤ እውነተኛዎቹ ላስቲኮች ስለሚያደበዝዙ በተግባር ትንሽ ያንሳል። ተማሪዎች መጀመሪያ አያምኑም፤ ሦስተኛዋን ደጋግመው ያወጣሉ፣ ያስገባሉ።

ብርሃኑን ፎቶን በፎቶን ብናየው ምን እየሆነ ነው? ወደ 45 ዲግሪዋ ላስቲክ የደረሰች አንዲት ፎቶን ግማሽዋ አልፎ ግማሽዋ አይቀርም። ወይ ሙሉ በሙሉ ታልፋለች ወይ ትቀራለች፤ ዕድሉ እኩል ነው፤ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚችል የለም። ካለፈች ደግሞ የቀድሞ አቅጣጫዋ ተሽሯል፤ አዲሱ አቅጣጫዋ 45 ዲግሪ ነው። መለካት ማለት መንካት ነው፤ የተነካው ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በ1984 ምስጢራዊ ቁልፍ መላላኪያ ዘዴ ያወጡት በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው። ላኪው ፎቶኖችን አንዱን በቀጥታ ሌላውን በሰያፍ እያደረገ ይልካል። ተቀባዩም እንዲሁ በዘፈቀደ እየመረጠ ይለካል። በኋላ የለኩበትን አቅጣጫ ብቻ ተነጋግረው ያልተገጣጠመውን ይጥላሉ። መሀል ገብቶ ፎቶኖቹን እየያዘ የሚለካና መልሶ የሚልክ ሰላይ፣ በግማሾቹ ላይ የተሳሳተ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ከእነዚያም ግማሾቹ ተበላሽተው ይደርሳሉ። ሁለቱ ወገኖች ከቁልፉ ጥቂቱን ሲያመሳክሩ ወደ 25 በመቶ ስሕተት ካገኙ ሌባ እንደገባ ያውቃሉ፤ ቁልፉን ይጥሉታል።

ዛሬ የምንጠቀምባቸው ቁልፎች

ገንዘብ በቴሌብር ስንልክ፣ ወደ ባንክ መተግበሪያ ስንገባ፣ በፋይዳ መታወቂያ ማንነታችን ሲረጋገጥ፣ መረጃው ተቆልፎ ነው የሚጓዘው። በኢንተርኔት ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ማሽኖች ቁልፍ የሚለዋወጡባቸው ነባር ዘዴዎች በጥቂት ከባድ የሒሳብ ጥያቄዎች ላይ ያረፉ ናቸው። አንደኛው አርኤስኤ የሚባለው ነው፤ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን ይዞ ወደ ሁለቱ መመለስ ግን አዳጋች በመሆኑ ላይ የቆመ። ፒተር ሾር በ1994 ይህንኑ አዳጋች ጥያቄ ኳንተም ኮምፒውተር በፍጥነት ሊፈታው እንደሚችል በሒሳብ አሳየ።

ይህን ማድረግ የሚችል ማሽን ገና የለም። ጉግል በታኅሣሥ 2024 ይፋ ያደረገው ዊሎ የተባለ ቺፕ 105 ኪዩቢቶች አሉት። የጉግሉ ተመራማሪ ክሬግ ጊድኒ በ2019 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ግምት፣ በስፋት ሥራ ላይ ያለውን የአርኤስኤ ቁልፍ ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢቶች ያስፈልጉ ነበር፤ በግንቦት 2025 ያወጣው ግምት ከአንድ ሚሊዮን በታች አውርዶታል። ማሽኑ ወደ ላይ እያደገ፣ የሚያስፈልገው መጠን ወደ ታች እየወረደ ነው። መቼ እንደሚገናኙ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ካገኛችሁ አትመኑት።

«እንግዲያውስ ሲደርስ እናስብበታለን» ማለት ግን አያዋጣም። ዛሬ በኬብል የሚያልፈውን የተቆለፈ መረጃ ቀድቶ ማስቀመጥና መክፈቻው ሲገኝ መክፈት ይቻላል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ፋይዳ የሚመዘግበው የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ግን አይቀየርም። ዛሬ አሻራውን የሰጠ ወጣት ከ50 ዓመት በኋላም ያንኑ ጣት ይዞ ይኖራል።

መልእክትን በማን እጅ የመላክ ጉዳይ በአምባሰል ታሪክ የሌለው አይደለም። ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ነው። በ17ኛው አንቀጽ ሳቢያ ኢጣሊያ ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር የምትጻጻፈው በእኔ በኩል ብቻ ነው አለች፤ ነገሩ እስከ ዓድዋ አደረሰ። የዚያ ዘመን መሪዎች አገር ደብዳቤዋን በማን እጅ እንደምትልክ የሉዓላዊነት ጉዳይ መሆኑን ተረድተው ነበር። ዛሬ ደብዳቤው ቁጥር ሆኗል፤ ማኅተሙም ሒሳብ ሆኗል።

አንዲት ፎቶን ከሐይቅ ተነሥታ

ታዲያ የቤኔትንና የብራሳርን ዘዴ ገዝተን ብንዘረጋስ? እስቲ በራሳችን መንገድ እናስላው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኦፕቲካል ፋይበር መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ 430 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጥሩ የሚባል ፋይበር በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ያባክናል፤ ጠቅላላው 86 ዴሲቤል ነው። ይህ ማለት ከሐይቅ ከተላኩ 400 ሚሊዮን ያህል ፎቶኖች አዲስ አበባ የምትደርሰው አንዲት ናት። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ፎቶኖች ብንልክ ሁለት ወይም ሦስት ይደርሱልናል።

ተራው ኢንተርኔት ይህ ችግር የለበትም፤ መንገድ ላይ የደከመውን ምልክት የሚያጎላ መሣሪያ ይደረግለታል። የኳንተም ምልክት ግን አይጎላም፤ ማጉላት መቅዳት ነው፣ ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ ደግሞ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ምስጢሩን ከሰላይ የሚጠብቀው ሕግ እኛንም ይከለክለናል። ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ እየቆረጡ መቀባበል ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከ400 ፎቶኖች አንዷ ትደርሳለች፣ ይህ ለሥራ ይበቃል። ነገር ግን በየመቀባበያው ጣቢያ ቁልፉ ይገለጣል። ጣቢያውን የያዘ ቁልፉን ያዘ ማለት ነው። እንደ ወሎ ጦርነት ባለፈበት አገር፣ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ያለ ጣቢያ ሁልጊዜ በታማኝ እጅ ይቆያል ብሎ መተማመን ያስቸግራል።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ረገድ ቀድማናለች። በ2010 የዓለም ዋንጫ ደርባን ስታዲየም ላይ የኳንተም ቁልፍ ያለው መገናኛ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ የመራው የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ መሣሪያው ግን የስዊዘርላንድ ኩባንያ ምርት ነበር። የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲም ከቻይና ሳይንቲስቶች ጋር በጂናን-1 ሳተላይት አማካይነት 12,900 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ቁልፍ ተለዋውጧል፤ ውጤቱ የታተመው በ2025 ነው። ሳተላይቱ የቻይና ነው። የደቡብ አፍሪካን ጥረት ለማሳነስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ እነሱ መሣሪያውን ከውጭ ቢያመጡም የሚያስኬዱትና የሚለኩት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ልንከተለው የሚገባን ይህን ነው።

ሒሳቡ ለሁሉም ክፍት ነው

በእኔ እምነት ለኢትዮጵያ የቀረበው በር ሌላ ነው። ኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ አዳዲስ የምስጠራ ዘዴዎች በተራ ኮምፒውተርና በተራ ስልክ ይሠራሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ለዓመታት ከመላው ዓለም የቀረቡለትን ዘዴዎች ሲያወዳድር ቆይቶ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2024 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አውጥቷል። ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ታትሟል፤ ባሕር ዳርም ሆነ ደሴ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው፣ ሊጽፈው፣ ሊፈትሸው ይችላል። የአሜሪካው የደኅንነት ተቋም ኤንኤስኤ ራሱ ለብሔራዊ ደኅንነት ሥርዓቶች ከኳንተም ቁልፍ መላላኪያ ይልቅ እነዚህን ዘዴዎች ነው የሚመክረው።

በዚያ ውድድር ላይ የሆነ አንድ ነገር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ሳይክ የተባለ ዘዴ እስከ ማጣሪያው መጨረሻ ምዕራፍ ደርሶ ነበር። በ2022 ቤልጅየም ውስጥ ያሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች፣ ካስትሪክና ዴክሩ፣ የዘዴውን አንድ ደረጃ በተራ ኮምፒውተር አንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ሰበሩት። ኳንተም ማሽን አልነበራቸውም። የረዳቸው ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተጻፈ ንጹሕ ሒሳብ ነው። ዓለምን ሊጠብቅ የታጨ ቁልፍ በእርሳስ፣ በወረቀትና በአንድ ኮምፒውተር ወደቀ። በዚህ መስክ ድሃ አገር ወደ ኋላ እንድትቀር የሚያደርግ የመሣሪያ እጥረት የለም፤ የሚያስቀራት የሒሳብ ሰው ማጣት ነው።

ቁልፎቹን መቀየር በአንድ ጀንበር የሚያልቅ ሥራም አይደለም። መጀመሪያ የት የት እንዳሉ መመዝገብ አለባቸው፦ በባንክ ሰርቨር፣ በኤቲኤም፣ በመብራት ኃይል መቆጣጠሪያ፣ በሆስፒታል መዝገብ። የፋይዳ ሥርዓት ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ መገንባቱ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው፤ የተጻፈውን ኮድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከፍቶ የሚያይ ሰው ይሰየምለት ነው የምለው።

አራት ኪሎ የተጀመረው

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ኢትዮጵያ በኳንተም ከባዶ የምትነሣ አገር አይደለችም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ፣ በፊዚክስ ትምህርት ክፍል፣ ፕሮፌሰር ፍስሐ ካሣሁን የኳንተም ኦፕቲክስ ተማሪዎችን ለረዥም ዓመታት አሠልጥነዋል፤ በ2008 የታተመ የኳንተም ኦፕቲክስ መማሪያ መጽሐፍም አላቸው። ተማሪዎቻቸው ያሰሉት የነበረው በአብዛኛው ሦስት የኢነርጂ ደረጃ ያላቸው አተሞች ከሚያመነጩት ሌዘር ስለሚወጣ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን «የታመቀ» የሚባል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ብርሃን ሊያመልጠው የማይችል የኳንተም ሁከት አለው፤ የታመቀው ብርሃን ግን ሁከቱን በአንድ በኩል ከመደበኛው ወለል በታች ዝቅ አድርጎ በሌላ በኩል ያበዛዋል። ከህዋ የሚመጣውን የስበት ሞገድ የሚለካው የአሜሪካው ላይጎ ከ2019 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ብርሃን እየታገዘ የመለየት አቅሙን ጨምሯል፤ የሚያመነጭበት መንገድ ሌላ ቢሆንም።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡትን በስማቸው መጥራት ይገባል። ስንታየሁ ተስፋ በ2006 በታዋቂው የአሜሪካ ፊዚክስ መጽሔት ላይ በሌዘር ብርሃን ውስጥ ስለሚኖር የኳንተም ቁርኝት (የአንዱ ልኬት ውጤት ከሌላው ጋር ስለሚተሳሰርበት ሁኔታ) ጽሑፍ አሳተመ፤ በኋላም ስፕሪንገር የኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፉን አውጥቶለታል። ኢዮብ አለባቸው ሰጤም በዚያው በ2006 ከፕሮፌሰር ፍስሐ ጋር ስለ ሦስት ደረጃ ሌዘር የጻፈው ታተመ። ቀጥሎ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ፤ በመጨረሻም ኳንተም ኮምፒውተር ሠሪው ሪጌቲ ኩባንያ ገባ። በ2015 ከጆን ማርቲኒስና ከአሌክሳንደር ኮሮትኮቭ ጋር የጻፈው፣ የኪዩቢትን ሁኔታ በፍጥነት እያነበቡ ኪዩቢቱ ኢነርጂውን እንዳያፈስ ስለሚከላከል ማጣሪያ ነው። ማርቲኒስ በ2025 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስቱ አንዱ ነው።

የዚህን መንገድ አካሄድ ልብ በሉ። አራት ኪሎ ላይ በወረቀትና በእርሳስ የተሠራ ሒሳብ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሽን የሚሠራ ሰው ሆነ። መሀል ላይ የጎደለን የሙከራ ጠረጴዛ ነው። ቲዎሪውን በአገሩ የተማረ ልጅ ብርሃኑን በዓይኑ ለማየት አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት። ሰው ሄደ ብሎ መውቀስ ከንቱ ነው፤ የሚመለስበት ቤተ ሙከራ አላዘጋጀንለትም።

ታንታለምና ኦፓል

ጥሬ ዕቃው አለን የሚል ክርክርም ይነሣል። እውነት ነው፣ በጉጂ ዞን ቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን አለ። የፕሪንስተን ተመራማሪዎች በ2021 ኪዩቢታቸውን በታንታለም ሠርተው ሁኔታውን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ ከ0.3 ሚሊ ሰከንድ በላይ አድርሰዋል፤ በ2025 ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አሳልፈውታል፤ በዚህ ሙያ ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን ቺፑ ላይ የሚነጠፈው ታንታለም ውፍረቱ 200 ናኖ ሜትር ነው። ብናሰላው አንድ ኪሎ ታንታለም በዚያ ውፍረት 300 ካሬ ሜትር ያለብሳል። ዋጋው ያለው በክብደቱ ሳይሆን በንጽሕናውና በአነጣጠፉ ነው።

በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና፣ በ2008 የተገኘው ኦፓልም እንዲሁ ነው። ቀለሙ የሚጫወተው በውስጡ ያሉት ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች በብርሃን ሞገድ መጠን በሥርዓት ተደርድረው ብርሃኑን ስለሚለያዩት ነው። የዘመኑ የብርሃን መሐንዲሶች ቺፕ ላይ የሚያንጹት ይህን የመሰለ ድርድር ነው። ድንጋዩን በኪሎ የሚሸጥ ገበሬ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ለምን እንደሚያብለጨልጭ ሊነገረው ይገባል።

ማሽን መግዛት ወይስ ሰው ማፍራት?

ኪዩቢቶቹን ሪጌቲና ጉግል በሚሠሩበት መንገድ ለመሥራት ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ኬልቪን የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ከዋክብት መካከል ያለው ባዶ ህዋ እንኳ 2.7 ኬልቪን ነው። ማቀዝቀዣዎቹን የሚሠሩ ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ታዋቂው የፊንላንዱ ብሉፎርስ ነው። ውስጡ የሚገባው ሂሊየም-3 በአብዛኛው ከትሪቲየም መበስበስ ይገኛል፤ ትሪቲየም ደግሞ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ግብዓት ነው። አሜሪካ ራሷ ማቀዝቀዣ ከፊንላንድ ትገዛለች። በመስከረም 2024 ደግሞ ኳንተም ኮምፒውተሮችና ተጓዳኝ መሣሪያዎች ከአሜሪካ ሲወጡ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ደንብ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ገዝተን ብናመጣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል፤ ሲበላሽ ከውጭ መሐንዲስ ይጠራል።

የሳተላይቱ ልምድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢትአርኤስኤስ-1 72 ኪሎ የምትመዝን ነበረች፤ ወጪዋን በአብዛኛው የሸፈነችውም፣ ያስወነጨፈችውም ቻይና ናት። እንጦጦ ላይ በተሠራው የምድር ጣቢያ ምስል የሚቀበሉትና የሚተነትኑት ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሳተላይት የአገልግሎት ዘመኗ ያልቃል፤ የሠለጠነው ሰው ይቀራል።

በኳንተምም ተመጣጣኙ አጀማመር የብርሃን ጠረጴዛ ነው፦ 405 ናኖ ሜትር የሆነ ሐምራዊ ሌዘር፣ አንዷን ፎቶን ወደ ሁለት 810 ናኖ ሜትር መንትዮች የሚከፍል ክሪስታል፣ ፖላራይዘሮች፣ አንዲት ፎቶን ስትደርስ የሚቆጥሩ መለኪያዎች። ይህ በክፍል ሙቀት ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ይቀጥላል። ዋጋው ከአንድ ኳንተም ኮምፒውተር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የቤኔትንና የብራሳርን ዘዴ ማስኬድ፣ የፎቶኖችን ቁርኝት መለካት፣ ነገ ሻጭ ይዞት የሚመጣውን መሣሪያ መፈተን ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎና ተጎድቶ የነበረ ተቋም ነው፤ የፊዚክስ ቤተ ሙከራው ሲታደስ የበፊቱን ብቻ ከመመለስ ይህን ጠረጴዛ ቢጨምር ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ላይ የነበረው ትምህርት ቤት

ከሐይቁ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነበር። እሳቸው ያጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ብራናውም ቀለሙም የአገር ነው። ከእሳቸው ዘንድ የተማሩት በየአቅጣጫው ሄደው ሌሎች ገዳማትን ተከሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሸዋ ወርደው የመሠረቱት አንዱ ነው። ዕውቀት እንዲህ ነበር የሚስፋፋው፤ መምህር መምህር እየወለደ።

ዛሬ ያለንበትን ቁጥሩ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። የኳንተም ባለሙያ የሚወጣው ከእነዚህ መካከል ነው፤ ያውም ፊዚክስን ከመረጡት ጥቂቶች።

የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በኅዳር 2024 ባወጣው ረቂቅ የጊዜ ሰሌዳ፣ አርኤስኤና መሰሎቹ በ2035 ከአገልግሎት ይወጣሉ። የዓለም ባንኮችና የስልክ አምራቾች በዚያ አቅጣጫ እየሄዱ ስለሆነ እኛም ውስጥ ነን። በ2018 ዓ.ም. ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ተማሪ፣ ሳትደግም ብትሄድ፣ 12ኛን በ2021 ዓ.ም. ትጨርሳለች። በአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በሁለት ዓመት ሁለተኛውን ብትይዝ፣ የምትመረቀው በ2027 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 2035።